ስድስት ሰዓት ብድር

ባሕሩ ሲሸሽላት፣ ጭቃ ላይ ተኝታ፣
ጎኗን ለቀቀችልን እንደ ታለበች ላም ረግታ።
ስድስት ሰዓት ብቻ አበደረን ውሃ፤
አራጣ የለውም፣ ግን አይምርም ድሃ።

ስሟ ላ ፖርፊያዳ፤ «እልኸኛ» እንደማለት።
ከባሕር ጋር ይሁን ከኪሳችን፣ ማን ይወቅላት።

ዝናቡ ተንፈስ ሲል፤ ነሐሴ ነው፣ ኬምቺ።
«ፋቂ!» አለኝ አማቴ፣ «ምን ቆመሻል አንቺ?»
ሰባ ስምንት ዓመቱ፣ ኤሌውቴሪዮ፣ ጎብጦ፣
ጎልማሳ ይመስላል መሮውን ጨብጦ።

የዛጎሉን ቅርፊት እንደ እከክ ስፍቀው፣
ከሥሩ ብቅ አለ ቀለም የማላውቀው፦
ሰማያዊው የእኛ፤ ቀዩ የእሱ፣ የብቸኝነቱ፤
ከሁሉም ሥር አረንጓዴ፦ የዶሚቲላ፣ የሟች ሚስቱ።
የኩሽና በር ቀብታ ነበር፣ የተረፋት
አንድ ጣሳ፤ መድፋቱ አሳዘናት።

ደብተሩ በእኔ ነው። ልጻፍ የወጣውን፦
ሬንጅ፣ በሊትር ሳይሆን በኩባያ የመጣውን፤
ገመድ፣ ከሳልሞን እርባታ የተጣለ፣
ማዕበል ያመጣው፣ ዋጋም ያልተባለ፤
መልሕቅ፦ ሲሚንቶ፣ በወተት ጣሳ የረጋ፣
ብረቱ የአሮጌ አልጋ፤
ለመረቡ ተንሳፋፊ፣ የበረኪና ዕቃ፣ ክዳኑ የጠበቀ፤
ዓሣው ውዱን ከርካሹ መች ዐወቀ።
ውሃ መጨለፊያውማ ግማሽ ጀሪካን ነው፤
ባሌ «ፓምፕ» ይለዋል። ስም ነጻ ነው፣ ይበለው።

ሞተሩ ሁለተኛ እጅ ነው፤ አይ፣ አምስተኛ፤
ሰባት ጊዜ ተስቦ አንዴ ይነቃል፣ እንደ ሰነፍ ዘበኛ።
ከጨው በተመለሰ ቁጥር የዝናብ ውሃ አጠጣዋለሁ፣
ካንዴላውን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አጥባለሁ፤
ከባሌ ሸሚዝ ይልቅ የእሱን እድፍ አውቃለሁ።

አማቴ የአሌርሴ ልጥ ጉልበቱ ላይ ይፈትላል፣
በመሮ ጠርዝ ወደ ስንጥቋ ገፋ፣ ገፋ ያደርጋል።
«አትጠቅጥቂው» ይላል፤ «ደረቅ እንጨት ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፤
ቦታ ያልተዉለት ነገር ጎረቤቱን ይሰነጥቃል።»

እኔ ግን ያቺን ግንቦት አልረሳኋት።
ባውዲሊዮን፣ ለመዳብ ሚስማር መግዣ ብዬ፣
አርባ ሺህ ፔሶ ሰጠሁት፣ ከሳሙናው ከስኳሩ ነጥዬ።
ከካስትሮ ሲመለስ፣ ብብቱ ሥር ሳጥን ሸጉጧል፦
«የዓሣ መፈለጊያ! ስክሪኑ ብቻ ትንሽ ተሰንጥቋል።»

ሰባት ቀን አላናገርኩትም።
(ሾርባውንም ጨው አላደረግሁበትም።)

ስምንተኛው ቀን ወጣን። ስክሪኑ በራ፤
አንድ መስመር ብቻ፣ እንደ ሩቅ ተራራ።
«ዓሣውስ?» አልኩት። «ቆይ፣ ሊመጣ ነው አሁን።»
ውሃ መጣ በእግሬ ሥር፣ ሳናይ አመጣጡን።
ዝገት የጨረሰው ሚስማር ከሳንቃው ወልቆ፣
ባሕሩ ይገባል እንደ ቤተኛ፣ መንገዱን ዐውቆ።
አርባ ሜትር ወደ ታች አሻግሮ የሚያየው፣
ከወንበሩ ሥር ያለ የጣት ቀዳዳ አልታየው።
ያን ለት ጀሪካኑ ስሙን አገኘ በሥራ፦
እኔ ስጨልፍ፣ እሱ ሲቀዝፍ፣ አንዳችን ቃል ሳናወራ።

ዛሬ ባትሪው ለሌሊት ፋኖስ፣ ሽቦው ለልብስ ማስጫ፤
ስክሪኑ ለባሌ መስታወት፣ ለጢም መላጫ።
ሚስማሩም ተገዛ፦ ዐሥራ አራት፣ በቁጥር፤
እኔው ራሴ ሄጄ፣ እኔው ራሴ ስመታው ላድር።

ሰዓቱ አለቀ። ጭቃው ላይ ቀጭን ምላስ ዘረጋ፤
ባሕሩ፣ አበዳሪው፣ ሳያንኳኳ ተጠጋ።
ሰማያዊውን አዳርሰናል፣ ከአንድ ክንድ በቀር፣
በኋላዋ በኩል፣ ከመቅዘፊያው ማሠሪያ ሥር፤
እዚያ ላይ አረንጓዴው ራቁቱን ቀረ።
«አባባ፣ እዚህስ?» አልኩት።
«ቀለሙ አለቀ» አለ፣ ብሩሹን በጨርቅ አሠረ።

ጀልባዋ አቃሰተች፤ ተነሣች፣ አንድ ጊዜ ዞር አለች፤
ልጡን እያጠጣች፣ ጥሟን ልትቆርጥ ዝም አለች።

ጣሳውን ነቀነቅሁት፤ ግማሽ አለበት።
ደብተሬን አወጣሁ፤ «ቀለም፦ አልቋል» ብዬ ጻፍሁበት።